ፈረሰኛውን ፍለጋ፦ አራት ቀን ከዶቨር እስከ ፊላደልፊያ

አሜሪካ የገባሁት በ1999 መጨረሻ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የመጀመሪያ ሥራዬ ዲሲ መሀል ፓርኪንግ ነበር። ያኔ ቲፕ በሳንቲም ነው፤ ኳርተር በሚሏት በ25 ሳንቲሟ። ማታ ኪሴን ስገለብጥ ኳርተር በኳርተር እሆናለሁ። አንድ ቀን የተለመደው ንስር የሌለበት ኳርተር እጄ ገባ። በንስሩ ቦታ ፈረሰኛ አለ። ፈረሱ ሽምጥ ይጋልባል፣ ሰውየው ካባ ለብሷል። ጆርጅ ዋሽንግተን መሆን አለበት አልኩ። ገልበጥ ሳደርገው ዋሽንግተን በወዲያኛው ገጽ ቁጭ ብሏል። አስጠግቼ ሳነብ «ሲዘር ሮድኒ» ይላል። ሲዘር ማለት እንግዲህ የእኛው ቄሳር ነው። ከሥሙ በላይ ዴላዌር፣ ከጎኑ ደግሞ «የመጀመሪያዋ ግዛት» የሚል አለበት።

ያችን ሳንቲም አላጠፋኋትም። መኪና በቀየርኩ ቁጥር ከአንዱ ሲኒ መያዣ ወደ ሌላው እያዞርኩ 25 ዓመት ኖረች። ልጄ አስረኛ ክፍል ስትደርስ የአሜሪካ ታሪክ ጀመረች። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ መጽሐፋችን ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው» አለችኝ። መስመሩም ይህ ነው፦ በጁላይ 1776 ከዶቨር ተነስቶ በነጎድጓድና በዝናብ ወደ 80 ማይል ጋልቦ ፊላደልፊያ ገባ፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ እንድትወጣ ድምፁን ሰጠ። በቃ። 55 ዓመት የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት ተጠቃሎ ቀረ። እስቲ መንገዱን እንየው ተባባልን። የ2024 ካላንደር ደግሞ ከ1776ቱ ጋር ቀኑ ይገጥማል፤ ጁላይ 1 ያኔም ሰኞ፣ አሁንም ሰኞ።

ቅዳሜ ሰኔ 22 (ጁን 29)፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወደ ዶቨር

ዶቨር የባለቤቴ የአክስት ልጅ አለች። «ልንመጣ ነው» ስንላት ያለችን አንድ ነገር ነው፦ «እንጀራ ይዛችሁልኝ ኑ።» አርባ እንጀራ ገዝተን ኋላ ወንበር ላይ አጋደምን። ባለቤቴ ሥራ ስላለባት ቀረች፤ እኔና ልጄ ብቻ ነን።

ቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ላይ ስንወጣ የመኪናው ኤሲ ተኛ። ድልድዩ ከ4 ማይል በላይ ነው፤ ቆም ብለህ ኮፈን የምትከፍትበት ቦታ የለም። ደግነቱ ክፍያው ወደ ምሥራቅ ስትሄድ ብቻ ነው፤ ስትመለስ አይጠይቁህም። መስኮት ከፍተን ነዳን። ሙቀቱ በእነሱ ፋራናይት ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። የእንጀራው ላስቲክ ከውስጥ ማላብ ጀመረ።

ዴላዌር ከገባን በኋላ ልጄ ጮኸች። ከፊታችን ጋሪ! የአሚሾች ጋሪ ነው። ከዶቨር በስተምዕራብ ብዙ አሚሾች አሉ፤ በሃይማኖታቸው ምክንያት መኪና አይነዱም። ፈረሱ እንደ ደብረ ዘይት ጋሪ ፈረስ የከሳ እንዳይመስላችሁ፤ ወዙ ያበራል። ከኋላው ሃያ ደቂቃ ተከተልኩ። ለመቅደም ቸኩሎ ጡሩምባ የሚነፋ አንድም ሰው አላየሁም፤ ይሄ ከቤልትዌይ፣ ዲሲን ከሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ለመጣ ሰው ተአምር ነው።

የዘመዳችን ፈረቃ እስኪያልቅ ጊዜ ስለነበረን ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው የሮድኒ ጎረቤት የጆን ዲኪንሰን እርሻ ሄድን። መግቢያ በነፃ ነው። ቦታው ሴንት ጆንስ ኔክ ይባላል፤ በወንዝና በረግረግ መሀል ያለ ለጥ ያለ መሬት ነው። ሮድኒም እዚሁ አካባቢ በ1728 ተወለደ። የቤተሰቡ እርሻ ባይፊልድ ይባል ነበር፤ ስንዴና ገብስ እያመረቱ ወደ ፊላደልፊያ ይልኩ ነበር። የሮድኒ ቤት ዛሬ የለም። ስለዚህ የእሱን ኑሮ ለማየት ያለህ አማራጭ የጎረቤቱን ቤት ማየት ነው።

ጎረቤታሞቹ ነገራቸው የሚገርም ነው። ሮድኒ «እሺ» ለማለት በዝናብ ሲጋልብ፣ ዲኪንሰን እዚያው ፊላደልፊያ የፔንሲልቬንያ ተወካይ ነበር። ገና አይደለም ባይ ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ከአዳራሹ ቀረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በኖቬምበር 1781፣ የዴላዌርን የፕሬዚዳንትነት ወንበር (ያኔ ገዢያቸውን ፕሬዚዳንት ነበር የሚሉት) ከሮድኒ እጅ የተረከበው ይኸው ዲኪንሰን ነው።

ከቤቱ ራቅ ብሎ በ2021 የተገኘ የመቃብር ቦታ አለ። የባሪያዎችና ነፃ የወጡ ጥቁሮች መቃብር ነው። ድንጋይ የለው፣ ስም የለው። ሣር ብቻ። ልጄ እዚያ ቆመች።

«ሮድኒስ? ስንት ሰው ነበረው?»

አንብቤ ነበር የመጣሁት። በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው ቁጥር 200 ገደማ ነው፤ በቤተሰቡ እርሻ ላይ።

«ሁለት መቶ? እና ለነፃነት ነው የጋለበው?»

«በኑዛዜው ቀስ በቀስ ነፃ እንዲወጡ አዟል።»

«ሲሞት?»

«ሲሞት።»

ዲኪንሰን ቢያንስ በሕይወት እያለ ነው ያደረገው፤ በ1777 ጀምሮ በ1786 ጨረሰ። ይህን ብነግራትም ፊቷ አልተፈታም። በዚህ ላይ ዝንቡ! የረግረግ ዝንብ ነው፣ ዓይኑ አረንጓዴ፣ ሲነክስ እንደ መርፌ ነው። ኤሲ የለም ብለን መስኮት ከፍተን ትተን ስለነበር መኪናው ውስጥ ሰፍሮ ጠበቀን። እየተነከስን ዶቨር ገባን።

ዘመዳችን እንጀራውን ገልጣ አየችና ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄን እኮ በእንፋሎት ቀቅለኸው ነው የመጣኸው!» ደህና የነበረውን መርጣ በሽሮና በጎመን አቀረበች፤ የሰኔ ጾም ነው። የተቀረውን ትሪ ላይ በትና ድርቆሽ አደረገችው። በማግሥቱ ቁርስ የድርቆሽ ፍርፍር በላን፤ ከእንጀራው ይልቅ እሱ ጣፈጠኝ።

እሑድ ሰኔ 23፦ ዶቨር

ዶቨር ዋና ከተማ ነው ሲባል ዲሲን አታስቡ። ትልቁ ነገር ግሪን የሚሉት ሜዳ ነው። የፔንሲልቬንያ መሥራች ዊልያም ፔን በ1683 ባዘዘው መሠረት በ1717 የተለካ ነው። ዙሪያውን የጡብ ቤቶች፣ መሀሉ ሣርና ትልልቅ ዛፎች። አንድ ሰው ውሻውን ይዞ ያንሸራሽራል። ሌላ ሰው የለም። የዴላዌር ሰዎች የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከሁሉም ቀድመው ያጸደቁት በዲሴምበር 7 ቀን 1787 እዚሁ ግሪን ዳር በነበረ መጠጥ ቤት ነው። ሳንቲሟ ላይ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። ጠላ ቤት ቁጭ ብለው አገር አቆሙ በሉት። መጠጥ ቤቱ አሁን የለም።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት ፈረስ ፍለጋ ነው። ግሪን ላይ ስቀመጥ ግን የሰውየው ሕይወት የፈረስ ሳይሆን የጽሕፈት ቤት እንደነበር ገባኝ። አባቱ ሲሞት 17 ዓመቱ ነው። የሙት ልጆች ፍርድ ቤት የሚባል ነበር፤ ለካውንቲው ሹም ለኒኮላስ ሪጅሊ በአሳዳጊነት ሰጠው። ልጁ ሹመትን የተማረው እዚያ ቤት ነው። በ1755፣ ገና በ27ኛ ዓመቱ መግቢያ፣ የኬንት ካውንቲ ሸሪፍ ሆነ። ከዚያ በኋላማ የያዘውን ሥራ ቁጠረው ብትሉኝ ጣቴ አይበቃም፦ የርስት ውል መዝጋቢ፣ የኑዛዜ መዝጋቢ፣ የሰላም ዳኛ፣ የዚያው የሙት ልጆች ፍርድ ቤት ጸሐፊ። ውልና ማስረጃን፣ ጭቃ ሹምንና ወረዳ ፍርድ ቤትን አንድ ሰው ጠቅልሎ ያዘ እንደማለት ነው። በ1769 ደግሞ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። አገሬው በሙሉ ለመሬቱም፣ ለውርሱም፣ ለጠቡም እሱ ዘንድ ይመጣል። ሲጋልብ ሰው የተከተለው በፈረሱ አይመስለኝም። ያንን ሁሉ ዓመት ወረቀታቸውን ሲፈርም ያውቁታል።

መልኩን ግን ማንም አያውቅም። በሕይወት ሳለ የተሳለ ሥዕል የለውም። ያለን ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው የጆን አዳምስ ማስታወሻ ነው፤ በ1774 ሲያየው እንዲህ ያለ መልክ በዓለም አላየሁም ብሎ ጻፈ፤ ረጅም፣ እንደ ሸምበቆ ቀጭን፣ የገረጣ፣ ፊቱ ከትልቅ ፖም የማይበልጥ፣ ግን ብልሃትና ቀልድ ያለበት። ፊቱ ላይ ካንሰር ነበረበት። በአረንጓዴ ሐር ይሸፍነው ነበር ይባላል። አስምም ነበረበት። ሚስት አላገባም። በዚያ ላይ ነው እንግዲህ ዝናቡ።

ከግሪን ትንሽ ወረድ ብሎ ክራይስት የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ግቢው ውስጥ የሮድኒ ሐውልት ቆሟል። ልጄ ፎቶ አነሳች። እሱ ግን ከሥሩ የለም ነው የሚባለው። በ1880ዎቹ አጥንቱን ከእርሻው አምጥተናል ብለው ነበር፤ ያመጡት የሌላ ዘመዱን ሳይሆን አይቀርም። ትናንት ዝንብ የበላን ሴንት ጆንስ ኔክ ላይ ምልክት በሌለው ቦታ ተኝቷል ማለት ነው። ልጄ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «እንደ እነሱ» አለች። ያልኩት ነገር የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ዳይነር ገባን፤ ቡና ለመጠጣት። አስተናጋጇ ስክራፕል ካልቀመሳችሁ ዴላዌር መጣሁ አትበሉ አለች። ምንድነው ስላት ከአሳማ ፍርፍሪ ሥጋና ከበቆሎ ዱቄት ተጋግሮ፣ ተቆርጦ የሚጠበስ ነው። ጾምም አሳማም በአንድ ሳህን! አመሰግናለሁ ብዬ ቶስት በጃም አዘዝኩ። ሁለት ቡናና ሁለት ቶስት 11 ዶላር። ሒሳቡ 11 ከተባለ 11 ነው፤ ዴላዌር የሽያጭ ታክስ የለም። ሜሪላንድ ላይ 6 በመቶ ለለመደ ሰው ደረሰኙ የተሳሳተ ይመስላል።

ሰኞ ሰኔ 24 (ጁላይ 1)፦ መንገዱ

የ1776ቱ ጁላይ 1ም በእኛ ሰኔ ውስጥ ነበር፣ ቀኑም ሰኞ። ሰኔና ሰኞ ገጥሞበታል። (አባባሉ ሰኔ 1 ሰኞ ሲውል ነው፤ አውቃለሁ፣ አትጻፉልኝ።) ያኔ ጎንደር ላይ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ነበሩ፣ ዘመነ መሳፍንት ገና መጀመሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊላደልፊያ በተሰበሰበው ኮንግረስ ዴላዌር ሦስት ተወካይ አላት። ድምፅ ግን ለአንድ ግዛት አንድ ነው። ቶማስ መኪን «እሺ»፣ ጆርጅ ሪድ «እምቢ»። ሦስተኛው ሮድኒ ታች ዴላዌር ነው፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ደጋፊዎች ተነስተው እነሱን ሊያበርድ ሄዶ ነበር። መኪን መልእክተኛ ላከበት። ሌሊቱን ተነሳ። በፈረስ ሳይሆን በሰረገላ ነው የሚሉም አሉ።

እኛ የተነሳነው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፣ ድርቆሽ ተሰንቆልን። የሚከፈልበትን ፈጣን መንገድ ትተን አሮጌውን ቁጥር 13ን ያዝን። ስሚርና ያኔ ዳክ ክሪክ መገናኛ ትባል ነበር። ኦዴሳ ደግሞ ካንትዌል ድልድይ። እህል የሚጫንባት ወደብ ስለነበረች ኋላ በዩክሬኗ ኦዴሳ ሰየሟት፤ ዛሬ እህልም መርከብም የለም፣ ቆንጆ ቤቶች ብቻ ናቸው። ግራና ቀኙ በቆሎ ነው። አገር ቤት ያለሁ እስኪመስለኝ ለመለመብኝ።

ኒው ካስል ስንደርስ የ1732ቱ ፍርድ ቤት ተዘግቷል። ሰኞ ዝግ መሆኑን ሳላጣራ የመጣሁት እኔ ነኝ። በመስኮት አጮለቅን። ለእኔ ከጠቅላላው ጉዞ ዋናው ቤት ይሄ ነበር። ሮድኒ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆኖ፣ በጁን 15 ቀን 1776፣ ዴላዌር ከንጉሡም ከፔንሲልቬንያም የተለየችው እዚህ ነው። ጋልቦ ከመሄዱ ሁለት ሳምንት በፊት መሆኑ ነው። ከጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ጉልላት ደግሞ ሌላ ሥራ አላት፤ የዴላዌር ሰሜናዊ ወሰን ከእሷ ላይ 12 ማይል ተለክቶ በክብ የተሰመረ ነው። ካርታ ላይ ያቺ ቅስት ለምን ክብ ሆነች ብላችሁ ከነበረ መልሱ ይህ ነው። የድንጋይ ንጣፉ መንገድ መኪናዬን አራገፋት። ልጄ «ኤሲው ይነሳ ይሆናል» አለች። አልተነሳም።

ከዚያ ክርስቲያና ሞል። ታክስ በሌለበት አገር ጫማ ሳይገዛ የሚያልፍ የሜሪላንድ ልጅ የለም። ሁለት ሰዓት ሄደ። ሮድኒ ይህ አልገጠመውም።

ዊልሚንግተን ላይ ሮድኒ ስኩዌር አለ፤ ትልቁ ሆቴል ፊት ለፊት። ከ1923 ጀምሮ ፈረሰኛው በነሐስ ቆሞበት ነበር፤ ሳንቲሟ ላይ ያለው ፈረሰኛ ማለት ነው። በጁን 2020 አነሱት። በባሪያዎቹ ምክንያት። አደባባዩ ስሙን እንደያዘ ነው፣ ፈረሱ ግን የለም። ከልጄ ጋር ተከራከርን። እሷ ጥሩ አደረጉ ባይ ናት። እኔ ለሁለት መቶዎቹም የሚሆን ነገር አብሮ ይቁም ባይ ነኝ። መኪናው ዘንድ እየተከራከርን ደረስን።

ሲኒ መያዣውን አየሁት። ባዶ ነው።

«እዚህ የነበረችው ኳርተርስ?»

«የፓርኪንጉ ማሽን ውስጥ ከተትኳት። ምነው?»

ፊቴን አይታ ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። በአንድ ቀን ሁለት ፈረሰኛ። ማሽኑን በመዳፌ መታሁት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ፓርኪንግ የሰጠኝን ፓርኪንግ ወሰደው። ለሃያ ማይል ያህል «ይቅርታ አባዬ» አለችኝ፣ እኔም አኩርፌ ነዳሁ። ከዚያ ራሴ ሳቅኩ።

ማታ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ያዝን፤ 119 ዶላር። ታክሱ ተመልሶ መጣ።

ማክሰኞ ሰኔ 25 (ጁላይ 2)፦ ፊላደልፊያ

ነፃነት የታወጀበትን አዳራሽ ለማየት ትኬቱ ነፃ ነው፤ ለማስያዣ ግን አንድ ዶላር ይከፈላል። የበዓል ሳምንት ስለሆነ ቀድሜ ነበር የያዝኩት። ፓርኪንጉ 38 ዶላር ወሰደ። ስለ ፓርኪንግ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አዳራሹ ከጠበቅሁት ያንሳል። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ የላባ ብዕሮች፣ ሻማዎች። አስጎብኚዋ ሬንጀር መስኮቶቹን አሳየችን። በዚያ ሙቀት ስንቱ ሰው እዚህ ታጭቆ እንደነበር አሰብኩና ኤሲ አልባዋን መኪናዬን ይቅር አልኳት። መኪን ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጽፍ ሮድኒን በር ላይ እንዳገኘው፣ ቡትስና የጋላቢ መውጊያ ብረት እንዳደረገ ተናግሯል። ጭቃውን አልጠረገም ማለት ነው። ገባ፣ ዴላዌር ሁለት ለአንድ ሆነች። 12 ግዛቶች «እሺ» አሉ፣ ኒውዮርክ ዝም አለች። በጁላይ 4 ለወንድሙ ለቶማስ በጻፈው ደብዳቤ ሌሊቱን እንዲሁ በአንድ መስመር ነው የዘለለው፦ ነጎድጓድና ዝናብ ቢያዘገየኝም ድምፄን ለመስጠት በጊዜው ደረስኩ። ጀብዱ የሚል ቃል የለበትም። ሪፖርት ነው። የጸሐፊ ልማድ አለቀቀውም።

ምሳችንን ምዕራብ ፊላደልፊያ በላን። 45ኛው መንገድ አካባቢ የሐበሻ ቤቶች አሉ። የጾም በያይነቱ ለሁለት 34 ዶላር። ምስሩ ዲሲ ከለመድነው ይቃጠላል። ልጄ ውሃ በውሃ ሆነች።

ስንመለስ አይ-95ን ያዝን፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ መጮህ ነበረብን።

«ከዚያስ? ሲመለስ ምን አሉት?»

«አልመረጡትም።»

«ምን?»

«አልመረጡትም! በዚያው ዓመት ኬንት ካውንቲ ለዴላዌር ሕገ መንግሥት ጉባኤ ሲያስመርጥ ጣሉት። ምክር ቤቱም ከኮንግረስ አወጣው።»

ለነፃነት ድምፅ የሰጠን ሰው፣ የገዛ አገሩ ሰው። ከዚያ የሆነውን ነገርኳት። በ1777 እንግሊዞች ዊልሚንግተን ገብተው የዴላዌርን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆን መኪንሊን ማረኩት። በማርች 1778 ወንበሩን ለሮድኒ ሰጡት። ሦስት ዓመት ተኩል ያዘው። ብዙም ሳይቆይ ቼኒ ክላው የሚባል ሰው ከዶቨር በስተምዕራብ፣ ጋሪዎቹን ካየንበት ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ የግንድ ምሽግ ሠርቶ ለንጉሡ ተነሳበት። ሚሊሺያ ልኮ በተነው። የተረፈው ሥራ ለዋሽንግተን ሠራዊት ሰው፣ ከብትና ዱቄት መሰብሰብ ነው። ሣንቲሙ ላይ ዱቄት የለም።

«በመጨረሻስ?»

«የላይኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነ። ታሞ መውጣት ሲያቅተው አባላቱ ቤቱ ድረስ ሄደው ተሰበሰቡ። በጁን 1784 ሞተ።»

ኒውአርክ ላይ ክፍያ ጣቢያ ደረስን፤ 4 ዶላር። በዚህ መንገድ ዴላዌርን ለማቋረጥ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ልጄ ቦርሳዋን ፈታ ሳንቲሞቿን ጭኗ ላይ ዘረገፈች፣ አንድ በአንድ ትገለብጣለች። ንስር። ንስር። አንዷ የሌላ ግዛት ሳንቲም። ንስር።

«ኢዚ ፓስ አለን እኮ» አልኳት።

«ለክፍያ አይደለም» አለች፣ ቀና ሳትል።